ለራሰ በራው ዳኮታ ጁባ ድረስ

ከጁባ የሚመለስ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሰፈራችን ጠንቅቆ ያውቃል። ወይ ዶላር ይዞ ይመጣል፣ ወይ ወባ፤ የታደለው ሁለቱንም። እኔ አራት የሻይ ብርጭቆ ይዤ መጣሁ። ሻንጣዬ ሲከፈት ጎረቤቶቻችን ዙሪያውን ቆመው ነበር፤ አዩ፣ ተያዩ። አንዷ «እንኳን በሰላም ተመለስሽ» ብላ ሳትጨርስ ሌላዋ «እዚህ ብርጭቆ ጠፍቶ ነው?» አለች። ላስረዳ ሞከርኩ፤ ግን ብዙ ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው በጽሑፍ ላስረዳ።

አጎቴ ጋሼ መኮንን እዚሁ ደብረ ዘይት አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ አውሮፕላን አልተዉም፤ አውሮፕላኑ ብቻ አነሰ። በካርቶን ተከትተው ከውጭ የሚመጡ፣ በሙጫ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ አውሮፕላኖች ይሰበስባሉ። ሌላው ሰው ውጭ አገር ያለ ዘመዱን ሽቶና ጫማ ሲያስልክ ጋሼ የሚያስልኩት ካርቶን ነው። ካርቶኑ አልጋ ሥር ሞልቶ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቷል። አክስቴ «እኔ የምተኛው ኤርፖርት ነው» ትላለች። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ እነሱ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ትንንሹን ዕቃ የምይዝላቸው እኔ ነኝ። ጣቴ ቀጭን ነው፣ ወሬም አላበዛም፤ ለዚህ ሥራ ሁለቱም ይጠቅማሉ።

ከሁሉ የሚወዱት ዳኮታ የሚባለውን አውሮፕላን ነው፤ በወጣትነታቸው ሲጠግኑት የኖሩትን ዓይነት። ገጣጥመው፣ ቀለም ቀብተው ጨርሰውታል፤ ክንፉ ላይ ግን የአየር ኃይላችን ምልክት የለውም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ ክብ ምልክት። ይህ ምልክት በብሩሽ አይሳልም። ወረቀት ላይ ታትሞ ይመጣና ውሃ ሲነካው እንደ ቀጭን ቆዳ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ጋሼ ዲካል ይሉታል። የሌላ አገር ዲካል ሞልቷል፣ የእኛን የሚያትም ግን የለም ማለት ይቻላል። ዳኮታውም ለዓመታት ራሰ በራውን መደርደሪያ ላይ ቆመ። በዚህ መሀል የጋሼ ግራ ዓይን ጠፋ፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ምልክቱን በገዛ እጃቸው ሳይለጥፉ ዓይናቸው እንዳይጠፋ፣ ያ ነበር ጭንቀታቸው።

ጁባ ላይ የጭነት አውሮፕላን የሚያበርር አንድ ፈረንጅ ካፒቴን በዚሁ አውሮፕላን የመሰብሰብ በሽታ የተለከፈ ነበር። የተለከፉት እንዴት እንደሚፈላለጉ አላውቅም፤ ብቻ አንድ ጊዜ ለዕረፍት መጥቶ ቤታችን ወለል ላይ ተቀምጦ ዋለ። ዲካሉን ከአገሩ አስመጥቶ ሊሰጣቸው ቃል ገባ፣ አስመጣም። ግን መሥሪያ ቤቱ በድንገት ወደ ሌላ አገር ላከውና ዕቃውን ያረፈበት ሆቴል ባለቤት ለሆኑት ኢትዮጵያዊት ትቶ «ሰው ላኩ» ብሎ ደወለ። የጋሼ ትልቁ ልጅ «ለስቲከር?» አለ። ትንሹ ይህንንም አላለም። ስለዚህ የተላክሁት እኔ ነኝ። ጊዜው ሱዳን ለሁለት ሳትከፈል፣ ያገሬ ሰው ሁሉ ጁባ ሄዶ ሆቴል የሚከፍትበት ዘመን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ክንፍ ግን ብዙ ጊዜ በሙጫ ለጥፌያለሁ። የደረሰኝ ወንበር ክንፉ አጠገብ ነው። ለመነሣት ስንንደረደር ክንፉን ትክ ብዬ ሳይ አጠገቤ የተቀመጡ ነጋዴ «ምነው ልጄ፣ ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ምንም አይደል። ያ የሚንቀሳቀሰው ፍላፕ ነው። እኛ ቤት እሱ ተገንጥሎብን ነበር» አልኳቸው።

ሰውየው ዳዊታቸውን አወጡ። ጁባ እስክናርፍ አልከደኑትም።

በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እኛ ሳንወርድ ገብቶ ተቀበለን። ደብረ ዘይት ሞቃት ነው የምንል ሰዎች ይቅር ይበለን። ሻንጣው መሬት ላይ ይቆለላል፣ ሰው ይጋፋል፣ አንድ ፖሊስ ያየውን ሻንጣ በጠመኔ መስቀል ያደርግበታል። እኔ መጋፋት ስለማልችል ሰው ሁሉ የየራሱን አንሥቶ ሲጨርስ የቀረው የኔ ሆነ። ዓይን አፋርነት የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ውጭ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች ከበቡኝ፤ እዚያ ቦዳ ቦዳ ይሏቸዋል። ከመካከላቸው አንድ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ የጎሣ ምልክት ያለው «እህቴ፣ ሻንጣሽን ስጪኝና ነይ፤ እነዚህ ያስወድዱብሻል» አለኝ፣ እንደ አዲስ አበባ ልጅ ጥርት ባለ አማርኛ። ደንግጬ ቆምኩ።

«ምን ታፈጪያለሽ? ጋትዊች እባላለሁ። መገናኛ ነው ያደግሁት።»

ወገቡን መያዝ አፍሬ የወንበሩን ብረት ያዝኩ። «ያዢኝ ባክሽ! ብትወድቂ ሐበሾቹ እኔን ነው የሚገድሉኝ!» ይላል፤ እኔም ብረቱን አጥብቄ እይዛለሁ። እንደዚያ እየተጨቃጨቅን ጁባ ና ባሪ የሚባለው ሰፈር ደረስን።

ሆቴሉ በግቢ ውስጥ የተደረደሩ ኮንቴይነሮች ናቸው። እኛ አገር ኮንቴይነር ውስጥ ሱቅ ይከፈታል፤ እዚያ ሰው ይተኛበታል። መስኮት የተበሳለት «ቪአይፒ» ተብሎ ተጽፎበታል። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ፀሐይ ገና ሲያዩኝ «የመኮንን ልጅ!» ብለው እያገላበጡ ሳሙኝ፣ ቪአይፒውን አስከፈቱልኝ፣ የነጭ ዓባይ ዓሣ ጠብሰው እንጀራ ላይ ገለበጡልኝ። ጀኔሬተሩ አጠገባችን ስለሚያጓራ ፍቅራቸውን ሁሉ የገለጹልኝ በጩኸት ነው። የካፒቴኑንም ዕቃ አመጡ። ካልሲውን ሳይቀር አጥበው፣ ሸሚዙን ተኩሰው፣ አሮጌ ነጠላ ጫማውን በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠውለታል።

«ወረቀቱስ?» አልኩ በቀስታ። «ትንንሽ ሥዕል ያለበት?»

«ቆይ መጀመሪያ ሻይሽን ጠጪ!»

ግማሽ ያህል ጠጥቼ ሻዩ ዝቅ ሲል ብርጭቆው ላይ አየሁት። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ክብ። አፌን ያደረግሁበት በዚያው በኩል ነበር።

እትዬ ፀሐይ ግን ፊታቸው በራ። «አየሽው? አያምርም?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ድግስ ወይ ለቅሶ ሲኖረው ብርጭቆ ይዋሳል፣ የተዋሰው ደግሞ ሙሉውን አይመልስም። በአገራችን እያንዳንዱ የራሱን ብርጭቆ ቂጥ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጋል። ጁባ ላይም ያገሬ ሰው ሁሉ ይህንኑ ስላደረገ የሁሉም ብርጭቆ ቂጥ ቀይ ሆነና የማን የማን እንደሆነ መለየት ቀረ። አንድ ቀን ኮንቴይነሩ አፈሰሰ፣ ወረቀቱ ረጠበ፣ ሥዕሉ ተንሸራቶ እትዬ ፀሐይ እጅ ላይ ቀረ። ብርጭቆ ላይ ቢያሳርፉት ተለጠፈ። ተአምር መሰላቸው፤ ሁሉንም በየብርጭቆው ለጠፉ። እንዳይለቅ ደግሞ ውሃ የመሰለ የጥፍር ቀለም ደረቡበት።

«ካሁን በኋላ ማን ይሰርቀኛል? ባንዲራ እኮ ነው!» አሉኝ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ጋሼ ደወሉ።

«አገኘሽው?»

«አግኝቼዋለሁ ጋሼ።»

«ደህና ነው? አልተቀደደም?»

«አልተቀደደም። ደርቆ ነው ያለው።»

«ጎሽ! ደረቅ ይሁን። አደራሽን፣ ውሃ እንዳይነካው!»

ብርጭቆው አጠገቤ ነበር፤ የቁርስ ሻይ እያተነነ። ውሸት አልተናገርኩም፣ እውነቱም ግን ከአፌ አልወጣም።

ከዚያ እትዬ ፀሐይና እኔ ምልክቱን ከብርጭቆው ለማላቀቅ ተነሣን። ለብ ያለ ውሃ ሞከርን፣ የፈላ ሞከርን። የሆቴሉ ደንበኞችም ምሳቸውን ትተው ገቡበት። አንዱ ቤንዚን አለ፣ አንዱ ሎሚ፤ አንድ መሐንዲስ ነኝ ያለ ሰው ጥርስ ሳሙና ይሻላል ብሎ ማለ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲነካው ቀለሙ ለቀቀ፣ ምልክቱም አብሮ ብጥስጥስ ብሎ ወጣ። ብርጭቆው ላይ የቀረው እንደ ጎመን ቅጠል ያለች አረንጓዴ ነገር ናት። ሁሉም «ይሄ እንኳ ድሮም አይሆንም ነበር» እያሉ ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ምልክቱን ከወሰድኩ ከነብርጭቆው ነው። ሌሎቹስ የት አሉ? እትዬ ፀሐይ በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። አብዛኛው ተሰብሯል። አንዱን ወደብ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ወስዳዋለች። ሦስቱ ጉዴሌ በሚባል ሰፈር፣ ባለሱቁ አቶ ግርማ ዘንድ ናቸው። የአቶ ግርማን ስም ሲጠሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሦስተኛው ቀን

ጋትዊች ወደ ወደቡ ወሰደኝ። ዓባይ እዚያ ሰፊ፣ ቡናማና ጸጥ ያለ ነው። የኛን የሆራ ሐይቅ ብዙ ዘመን ትልቅ ውሃ ነው ስል ኖሬያለሁ፤ ከዓባይ ጋር ሳስተያየው ሳፋ ሆነብኝ። ሠራተኞች ከጀልባ ላይ ጆንያ ያወርዳሉ፤ በዛፍ ጥላ ሥር አንዲት ወፍራም ሴት ሻይ ትቀዳለች። ማማ ኪደን ይሏታል። ምልክት ያለበት ብርጭቆ አንድ ሠራተኛ እጅ ላይ ነበር።

ጋትዊች «ሰላም ታኪ» ብሎ ጀመረና በጁባ ዐረብኛ ረጅም ነገር ነገራት። ማማ ኪደን እኔን እያየች ጭኗን እየመታች ሳቀች።

«ምን አልካት?»

«አጎቷ ጄኔራል ነው፣ አውሮፕላኑ ጠፍቶበት ልጅቱን ፈልጊ ብሎ ላካት አልኳት።»

«ውሸት!»

«በደንብ እንድትሰጥሽ ነዋ። በእውነቱ ማን ይሰጥሻል?»

ማማ ኪደን የፈለገችው ብርጭቆ በብርጭቆ ነው፤ ያውም እጀታ ያለው፣ ጣት የማያቃጥል። እዚያው አጠገብ ካለ ሱቅ ገዝተን ሰጠናት። ሠራተኛው ሻዩን ጨለጠ፣ እሷ አለቀለቀች፣ ከዚያ እንደገና ሻይ ሞላችበትና ለእኔ ሰጠችኝ። ካልጠጣሽ አልለቅሽም አለች፤ ባዶ ብርጭቆ ከሷ ዘንድ አይወጣም። ስጨርስ «ኸላስ» ብላ በመዳፏ ጀርባዬን መታ አደረገችኝ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ያገሬ ሰው ጋ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም።

አራተኛው ቀን

ዘነበ። የጉዴሌ መንገድ ሲደርቅ አቧራ ነው፣ ሲዘንብ ሊጥ ነው። ሞተሩ ተቀረቀረ፤ ጋትዊች ከፊት ሲጎትት፣ እኔ ከኋላ ስገፋ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። አቶ ግርማ ሱቅ የደረስኩት በአንድ እግሬ ጫማ፣ በአንዱ ጭቃ ተጫምቼ ነው።

አቶ ግርማ ምስኪን ቢጤ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። እግሬን አይተው ሳልጠይቃቸው ውሃ አስቀዱልኝ፣ ከመደርደሪያ ነጠላ ጫማ አውርደው ሰጡኝ። የእትዬ ፀሐይን ስም ስጠራ ግን ቀዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«እሷ ነች የላከችሽ?»

«አይደለም፣ እኔ...»

«ነይ እዪ!»

መደርደሪያው ላይ የጋሼን የመሰሉ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ላያቸው ላይ በእስክሪብቶ «የተሰባበረ፣ በቅናሽ» የሚል ተጽፏል። አንዱን ከፈቱት። ክንፉ ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ፣ ሁሉም በፕላስቲክ ዘንጉ ላይ እንደተያዘ ነው፤ እንደ አዲስ።

«የካፒቴኑ ነው፣ ሽጪልኝ ብሎኛል፣ ሙሉ አውሮፕላን ነው ብላ ሸጠችልኝ። ስከፍተው ብትንትኑ የወጣ! አንድም ደህና የለም! ለልጄ ክርስትና ያዋሰችኝን ብርጭቆ ዕቃዬን እስክትለውጥልኝ አልመልስም፤ አበቃ።»

ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አፌን ዘጋሁ።

«ከፈለገች ሽማግሌ ትላክ» አሉ አቶ ግርማ።

አምስተኛው ቀን

እሑድ ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በእትዬ ፀሐይ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው አቶ ዘለቀ የሚባሉ ሥራ ተቋራጭ ናቸው። ክራቫት አድርገዋል፤ በዚያ ሙቀት። ንግግራቸውን ስደት ላይ ስላለ ወገን አንድነት ጀመሩ፣ ስለ አባቶቻችን መከባበር ቀጠሉ፤ ብርጭቆዎቹ ጋ ሲደርሱ ጥላው ከላያችን ሄዷል። እትዬ ፀሐይ «አጭበርባሪ ተባልኩ» ብለው አለቀሱ። አቶ ግርማ «ሌባ ተባልኩ» ብለው ተነሡ፣ ተይዘው ተቀመጡ። ሦስቱ ብርጭቆዎች እንደ ተከሳሽ መሀል ጠረጴዛው ላይ ቆመዋል።

ከዚያ አቶ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጅ፣ ለሻይ ብርጭቆ ብለሽ ነው ከኢትዮጵያ ድረስ የመጣሽው?»

ሁሉም አየኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ ተናገርኩ። «አጎቴ አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል። ሁለተኛውም እየሄደ ነው። ድሮ የጠገኑት አውሮፕላን ላይ ይህንን ምልክት ሳያዩ እንዳይጠፋ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ፀሐይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አቶ ግርማ «እንዲያ ከሆነማ... ብርጭቆው ይሂድላቸው» አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ «የኔስ የተሰባበረው አውሮፕላን?»

ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። አንዱን ካርቶን አስመጣሁና መሬት ተቀምጬ ክፍሎቹን ከዘንጉ መቁረጥ ጀመርኩ። ሙጫ የለም፤ ከሱቅ ሱፐር ግሉ መጣ። ግራና ቀኙን አካል ስገጥም ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን ትተው ከበቡኝ። ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ አልነበረም። አንዱ ጎማውን ያዘ፣ አንዱ ጭራውን፣ ሁሉም ያዝዛል። «ይሄ እዚህ ነው!» «አይደለም፣ ገልብጠው!» አቶ ዘለቀ «አምጡ፣ እኔ ሕንፃ የማቆም ሰው ነኝ» ብለው ክንፉን ተቀበሉና ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሙጫው ወዲያው ደረቀ። ክንፉ አዘንብሎ ቀረ፤ የአቶ ዘለቀም አውራ ጣት አብሮ። እትዬ ፀሐይ በሞቀ ውሃ ጣታቸውን ሲያላቅቁላቸው አቶ ግርማ መፋቂያ ይዘው ሲረዱ፣ ሁለቱ ሳይታወቃቸው መነጋገር ጀመሩ።

«ቀስ በል፣ ቆዳውን ልትገፈው ነው!»

«አንቺ ደግሞ ውሃውን ጨምሪ እንጂ!»

ጣቱ ሲላቀቅ አቶ ግርማ አውሮፕላኑን ከፍ አድርገው አዩት። «ክንፉ ምነው አዘነበለ?»

«ሊዞር ነዋ። አውሮፕላን ሲዞር እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉ አቶ ዘለቀ፣ አውራ ጣታቸውን እፍ እፍ እያሉ።

አቶ ግርማ አመኑ። ከእትዬ ፀሐይ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። የሌሎቹ ካርቶኖች ዋጋ በማግሥቱ ጨምሯል፤ «የተሰባበረ» የሚለው ተሰርዞ «የሚገጣጠም» ተብሎ ተጽፎባቸዋል።

ስድስተኛው ቀን

ስመለስ እትዬ ፀሐይ ብርጭቆዎቹን በቀሚሶቼ ጠቀለሉልኝ፣ ላዩን ደረቅ ዓሣና አንድ ኪሎ ሰሊጥ ደረቡበት፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስም ሸኙኝ። ጋትዊችም መጣ። በዚያ ቀን ወገቡን ይዤ ነበር፤ «አሁን ልትሄጂ ስትይ ነው የለመድሽው?» አለኝ።

ፈታሹ ፖሊስ ቀሚሶቼን አንድ በአንድ ፈታ። ብርጭቆ። ሌላ ብርጭቆ። ሲያልቁ ቀና ብሎ አየኝ።

«ኩባያ ማፊ ፊ ሐበሻ?» አለ። በሐበሻ አገር ብርጭቆ የለም ወይ ማለቱ ነው። ተሰልፎ የቆመው ሁሉ ሳቀ።

«ማፊ» አልኩት። በሰው ፊት ደፍሬ የተናገርኩት የመጀመሪያ የጁባ ዐረብኛ ነው። ሻንጣዬ ላይ በጠመኔ መስቀል አደረገበት።

ቤት ስገባ ጋሼ ሁሉን አዘጋጅተው ነው የጠበቁኝ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ንጹሕ ውሃ፣ ወረንጦ፣ የታጠፈ ፎጣ፣ አጉሊ መነጽር። ዳኮታው ጠረጴዛው መሀል ቆሟል። እጃቸውን ታጥበዋል። ጎረቤቶች ጥያቄያቸውን ጠይቀው ከሄዱ በኋላ አራቱን ብርጭቆዎች ፊታቸው ደረደርኳቸውና አቀረቀርኩ።

አንዱን አነሡ። ወደ መስኮቱ ዞረው በቀኝ ዓይናቸው ረጅም ጊዜ አዩት። ምልክቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ምን ቀብተውበት ነው?»

«የጥፍር ቀለም።»

«ብልህ ሴት ናት» አሉ። ሳህኑን አንሥተው ውጭ ወጡና ውሃውን ጽጌረዳው ሥር ደፉት። ተመልሰው ዳኮታው ፊት ተቀመጡ። አክስቴ እራት አቀረበች፤ አልበሉም። ሰው ሁሉ የሚፈራው የጋሼ ቁጣ መጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ስነሣ ጠረጴዛው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንዱን ብርጭቆ ከዳኮታው ፊት አቁመውታል፤ አገጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው በብርጭቆው ውስጥ ያያሉ።

«ነይ ያዢልኝ» አሉኝ። ብርጭቆውን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። «ወደ ግራ። አልፈሽ ሄድሽ፣ መልሺ። ቀስ።»

«ምን ሊታይ ነው ጋሼ?»

«አንቺ እዚያ ሆነሽ አታዪውም። አንዱን ዓይን ካልጨፈኑ ምልክቱ ሁለት ይሆናል፤ ለዚህ የሚፈለገው አንድ ዓይን ብቻ ነው» አሉ። «ትንሽ ወደ ግራ... ትንሽ... ተይው፣ እንዳትነኪው። ክንፉ ላይ አረፈ።»